ዳንቴሉ አልተኛ ሲል

ዳንቴሉን ጨርሳችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታነጥፉት ጠርዙ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይነሳል? ብዙ ሰው «ካውያ ያስተካክለዋል» ይላል። አያስተካክለውም። ለአንድ ቀን ይተኛል፣ በነጋታው ተመልሶ ይነሳል።

ጉዳዩ የቁጥር ነው። ክቡ እየሰፋ ሲሄድ ጠርዙ ተጨማሪ ዓይን፣ ማለትም በኪሮሹ መንጠቆ የምንሠራው ቀለበት፣ ይፈልጋል። ኪሮሹ ላይ ክር አንዴ ጠምጥመን በምንሠራው ረጅም ዓይን ከሆነ በየዙሩ ወደ 12 ዓይን እንጨምራለን። ክር ሳንጠመጥም በምንሠራው አጭር ዓይን ከሆነ 6 ይበቃል። ሲያንስ ጠርዙ ይሳብና ይጎደጉዳል፤ ሲበዛ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይሞገዳል። ቁጥሩ ልክ ሆኖም ከጎደጎደ እጃችሁ ክሩን አጥብቆ እየያዘ ነው። በአንድ ደረጃ ወፈር ያለ ኪሮሽ ሞክሩ።

ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ ከመሃል ጀምራችሁ በመዳፍ እየተጫናችሁ ወደ ውጭ ሂዱ። አልተኛም የሚለው ዙር እጃችሁ ላይ ይታወቃል። እስከዚያ ፍቱት። መፍታት ያማል፤ እኔ ሦስተኛው ዙር ላይ መጨመር ረስቼ ስምንት ዙር ፈትቻለሁ። አሁን በየሁለት ዙሩ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳላየው አልቀጥልም።

የሚነሳው በጣም ትንሽ ከሆነ ግን መፍታት አያስፈልግም። አርጥቡት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን ጨምቁ፣ ፎጣ በለበሰ ስፖንጅ ላይ ወጥራችሁ እያንዳንዱን ጫፍ በማይዝግ ስፒል ያዙት። እስኪደርቅ አትንኩት። የዛገ ስፒል የሚተወው ነጥብ በቀላሉ አይለቅም።

ከታጠበ በኋላ ልፍስፍስ ካለ ስታርች ያንሰዋል። 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ 2 ብርጭቆ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ ሲበርድ ዳንቴሉን ንከሩት። በስኳር ውሃ የሚያደርቁም አሉ፤ ጉንዳን ስለሚጠራ እኔ አልወደውም።

ነጩ ዳንቴል ቢጫ ከሆነ አንዱ ምክንያት ስታርቹ ሳይታጠብ ለረጅም ጊዜ ተጣጥፎ መቀመጡ ነው። በረኪና አታስነኩት፤ የጥጥ ክሩን ይበላዋል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አሳድሩት፣ ውሃውን ቀይሩ፣ እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጡት። ስታስቀምጡትም ያለ ስታርች ይሁን።

ክር ተበጥሶ ቀዳዳ ካበጀ የተንጠለጠለውን ጫፍ በመቀስ አትቁረጡ። መጀመሪያ የተፈቱትን ዓይኖች በሌላ ቀለም ክር ለቅማችሁ ያዙ። ከዚያ በተመሳሳይ ውፍረት ክር የጎደለውን መልሳችሁ ሥሩ፣ ጫፎቹን በመርፌ ከጀርባ በኩል ወደ ውስጥ ስፉ። መያዣውን ክር በመጨረሻ ምዘዙት።