ጠዋት ጠዋት የእጅ ፍሬኑ አልለቅ ላለ ከባድ መኪና

ደብረ ብርሃን ያደረ መኪናዬ ሦስት ጠዋት ተከታትሎ አልንቀሳቀስ አለኝ። ሞተሩ ይነሳል፣ የንፋስ ጌጁ 8 ባር ይደርሳል። የእጅ ፍሬኑን ስለቀው ግን የኋላ ጎማዎቹ እንደታሰሩ ናቸው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ራሱ ይለቃል።

የእጅ ፍሬኑ የሚለቀው በንፋስ ግፊት ስለሆነ፣ ንፋስ የሚያወጣ መስሎኝ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። የእጅ ፍሬኑን ቫልቭ አስቀየርኩ፤ በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀን የኋላው ቫልቭ ላይ ሙቅ ውሃ ሳፈስበት ለቀቀ። ያኔ ገባኝ፤ በታኅሣሥ ውርጭ ውስጡ በረዶ የሚሠራ ውሃ አለ። (ሙቅ ውሃውን ልማድ አታድርጉት፣ የፈሰሰው መልሶ ይቀዘቅዛል።)

ጎማው ሥር ታኮ (እንዳይንከባለል የሚይዝ ማገጃ) አደረግኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ ንፋሱ ከሚጠራቀምባቸው ቦምቦላዎች ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፈትኩ። ቡና የመሰለ፣ ዘይት የነካው ውሃ እየተንፏፏ ወጣ። ንፁህ ንፋስ ብቻ እስኪቀር ጠበቅኩ። የንፋስ ማድረቂያውን ፊልትሮም ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠዋት አልታሰረም።

አሁን ማታ ሳቆም መጀመሪያ የእጅ ፍሬን እይዛለሁ። ጭነቱ እሱ ላይ እንዲያርፍ የእግሩን ቀስ ብዬ እለቃለሁ። ሞተር አጥፍቼ ማርሽ አስገባለሁ፤ ፊቱ ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ። ታኮ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ውሃውን አፈሳለሁ። ጠዋት ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ፎሌ አድርጌ (ማርሹን ነፃ አውጥቼ) አስነሳለሁ። ንፋሱ ሳይሞላ ታኮ አላነሳም፤ ከፊቴ የጣርማ በር ቁልቁለት አለ።

ከውሃው ጋር የሚወጣው ዘይት ከበዛባችሁ ንፋሱን የሚሞላውን ኮምፕረሰር አስፈትሹ።