የጥርስ ራጅ ልትነሱ ነው? ጉትቻችሁን እቤት ተዉት

ማሽኑ ጭንቅላት ዙሪያ የሚዞረውን፣ ሙሉ መንጋጋ የሚያሳየውን ራጅ ማለቴ ነው። ጉትቻ እዚያ ላይ አንዴ ብቻ አይታይም። በተቃራኒው በኩል ከፍ ብሎ ብዥ ያለ ጥላ ይጥላል። ጥላው ጥርስ ላይ ካረፈ “ይደገም” መባል ይመጣል። ሐብል፣ መነጽር፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስም ይወልቃል። የማተብ ክር ችግር የለውም፤ የብረት መስቀሉን ግን ለጊዜው ፍቱት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ምላሱን ነው። አገጫችሁን አስደግፉ፤ የፊት ጥርሳችሁን የማሽኑ መንከሻ ላይ ባለው ጎድጓዳ መስመር አሳርፉ። ከዚያ ምራቃችሁን ዋጡና ምላሳችሁን እስከ ኋላ ድረስ ላንቃ ላይ ለጥፉት። ካልሆነ መሃል የሚቀረው አየር የላይኛዎቹን ጥርሶች ሥር በጥቁር ጥላ ይሸፍናል። ከንፈር ግጥም፣ አንገት ቀጥ፣ ትከሻ ዝቅ። 20 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ማሽኑ ሲዞር በዓይናችሁ አትከተሉት፣ ጭንቅላትም አብሮ ይዞራል።

ጨረር የሚከልለውን የእርሳስ ብረት ሽርጥ ካላለበሷችሁ አትደንግጡ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መልበሱ እንዲቀር ብሏል፤ የዛሬዎቹ ማሽኖች ጨረራቸው ትንሽ ነው፣ ሽርጡም አንዳንዴ ምስሉን ይጋርዳል። እርጉዝ ከሆናችሁ ግን ሳትጠየቁም ተናገሩ።