የካምፕ መኪናው ፍሪጅ ሌሊት ሲጠፋ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

ጎንደር ላይ መኝታና ማድቤት የተገጠመላቸውን መኪኖች የሚጠግን ሰው ደንበኛ የሚመጣለት ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንዱ ከጣና ዳር፣ ከጎርጎራ፤ ሌላው ከስሜን ተራሮች፣ ከደባርቅና ከጨነቅ ካምፕ በኩል። ጎርጎራ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ስለሆኑ የፊተኛው በጭቃና በወባ ትንኝ፣ የኋለኛው በብርድና በስስ አየር ይማረራል። እሮሯቸው ግን አንድ ነው፦ “ባትሪው ሞቷል።” አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ጥቃቅኑን ልጨርስ። ፊውዝ ማየትና የባትሪ ጫፍ ማጥበቅ የምታውቁት ስለሆነ አልፌዋለሁ።

ጀነሬተሩ ጎንደር ላይ ደህና ነበር፣ ስሜን ተራሮች ሳንካበር ካምፕ ላይ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይዳከማል

አየሩ ሳስቶበት ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ እዚያ ከፍታ ላይ ሲሶው ሄዷል። ጭነት ቀንሱለት፣ ካንዴላውን ጥረጉ።

የውኃ ፓምፑ ይጮኻል፣ ውኃ አይመጣም

ማጣሪያው በደለል ተደፍኗል። በክረምት የመገጭ ወንዝ ወደ ጣና የሚያስገባውን ቡናማ ውኃ ሳያጠልል ታንከር ውስጥ የሚገለብጥ ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል? ለመቅዳት ብላችሁም በባዶ እግር ሐይቁ ውስጥ አትግቡ፤ ቢልሃርዝያ አለበት።

ቡታጋዙ ቢጫ ይነድዳል፣ ድስት ያጠቁራል

ቀዳዳውን አጽዱ፣ የአየር መግቢያውን ክፈቱለት። ጨነቅ ላይ ውኃ በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስሩ አልበስል ቢል ጥፋቱ የምድጃው አይደለም።

ፍሪጁ ማታ ይሠራል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጠፋል

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ምልክቶቹ አብረው ይመጣሉ። ቀኑን ሲነዳ የዋለ መኪና ማታ ባትሪው ባዶ ይሆናል። የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ የጣሪያው መብራት ይደበዝዛል። አዲስ ባትሪ ሲገባለት ለጥቂት ቀናት ይድናል፣ ከዚያ በሽታው ይመለሳል። ባለቤቱ ሦስተኛ ባትሪ ፍለጋ ሲወጣ ሻጩ ደስ ይለዋል እንጂ “ሽቦህን አሳየኝ” አይለውም።

ምክንያቱ ከኮፈኑ ሥር ካለው ባትሪ ፍሪጁን ወደሚያሠራው የመኝታው ባትሪ የሚሄደው ሽቦ መቅጠኑ ነው። ርቀቱ 5 ሜትር ከሆነ ኤሌክትሪኩ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ይጓዛል። ብዙ ጊዜ የማገኘው ለቤት ሶኬት የሚዘረጋውን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። በዚህ ሽቦ 20 አምፔር ሲያልፍ 1.4 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ዳይናሞው 14.2 ቮልት ቢሰጥም ከኋላ የሚደርሰው 12.8 ነው። ይህ ጋን በቡና ስኒ እንደ መሙላት ነው፤ ከአዘዞ በቆላ ድባ አድርጎ ጎርጎራ እስኪደረስ ምኑም አይሞላም።

ከዚህ የባሰ ሽቦም አለ። ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነው ማለቴ ነው። አንዱን ክር በቢላዋ ፋቁት፤ ቀዩ ቅብ ተልጦ ነጭ ከወጣ ተታላችኋል። ኤሌክትሪክ የመቋቋም ባሕርዩ ከንጹሕ መዳብ በግማሽ ያህል ይበልጣል፣ ጫፉ ላይም እየላላ ይሰበራል። ይህን ሽቦ “ኦሪጅናል” ብሎ የሚሸጥ ሰው ሰላም እንቅልፍ እንዴት እንደሚወስደው አላውቅም።

ከአዲስ አበባ ተሠርታ የመጣች አንዲት ሚኒባስ አስታውሳለሁ። ጣሪያዋ በጣውላ ተለብጦ፣ መጋረጃዋ በጥልፍ ተሠርቶ ሙሽራ መስላለች። ሾፌሩ “ጋሼ፣ ከዚህ የሚበልጥ ባትሪ ይፈልጉልኝ” አለኝ። ጣውላውን ፈትቼ ሳይ ሁለት ሽቦ በጣት ተጠማዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው በሙቀት ቀልጦ እጄ ላይ ተጣበቀ፤ ከሥሩ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ለጣውላው የወጣው ገንዘብ ሩቡ ለሽቦው ቢወጣ ኖሮ እኔ ዘንድ አትመጣም ነበር።

ሌላው ጎርጎራ ላይ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ሪሌይ ሳይገጠምለት ያደረ መኪና ነው። ፍሪጁ የኋላውን ብቻ ሳይሆን የፊቱንም ጠጥቶ ጨረሰውና ጠዋት ሞተሪኖው “ጢቅ” ብቻ አለ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጥቁሩ የደምቢያ አፈር ጎማውን ይዟል። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ትተው እየገፉ፣ አንዱ ሽማግሌ “አያ፣ ቤትህን ይዘህ ስትመጣ በሬም አብረህ ጥመድ እንጂ!” አሉት። እሱስ ማርሹ በእጅ ስለነበር ተነሳለት። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ግን በመግፋት አይነሳም፤ ገፊዎቹን በከንቱ አታድክሙ።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ ፍሪጁንና መብራቱን አብሩ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በፊተኛው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን በኋለኛው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ሽቦው ሌባ ነው። ቀጥሎ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ጋር ለኩ፤ ይህን የሚረሳው ብዙ ነው። የኋላው ኔጌቲቭ ቀለም በተቀባ ሻንሲ ላይ ታስሮ ይገኛል። ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ግራሶ ቀቡት።

ሽቦውን ንጹሕ መዳብ በሆነ ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀይሩ፤ 25 ከተገኘ ይበልጥ ጥሩ ነው። የሽቦው ጫፍ ላይ የሚገባው ቀለበት በመጭመቂያ ይጨመቅ፣ በመዶሻ አይቀጥቀጥ። መለያያ ሪሌይ ይግባ። ፊውዝ በሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ ይግባ፤ በአንዱ ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱም እሳት ከሁለቱም ጫፍ ይመጣል። ደባርቅ ላይ ፊውዝ የሌለው ሽቦ ከሻንሲ ጋር ተፋግቶ ፍራሽ ሲያጨስ አይቻለሁ። ተኝተውበት ቢሆን ኖሮስ? ይህን “በኋላ አስገባለሁ” የሚለኝን ደንበኛ መኪናውን አልሰጠውም።

ዳይናሞው በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ መኪና ከሆነ ሪሌይ ብቻውን አይሠራም፤ ቮልት ከፍ የሚያደርግ ቻርጀር ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ባትሪውን ሞልታችሁ፣ ጥቂት ሰዓት አሳርፋችሁ ለኩ። 12.7 ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ባታወርዱት ዕድሜው ይረዝማል። ተሞልቶ አርፎ 12.2 የማይደርስ ከሆነ አሁን በእርግጥ ሞቷልና ግዙ።

ብርድ ሲጠና ከሰል ይዞ መኪና ውስጥ መግባት

ብልሽት አይደለም፣ ግን ደባርቅ ላይ ደጋግሜ ስላየሁት እጽፈዋለሁ። የፋመ ከሰል ጭስ ባይኖረውም የሚገድል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም ሽታ የለውም። አታስገቡ። መስኮት ገርበብ አድርጌያለሁ ማለትም አያድንም። ቡታጋዝም አብርታችሁ አትተኙ። ብርድ ልብስ ጨምሩ።

መኪናው ወንዝ ዳር ቆሟል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው

ከሰኔ እስከ መስከረም ይህን አትመኑ። ዝናቡ ተራራው ላይ ይጥልና ደራሽ ውኃው እናንተ ዘንድ ይደርሳል። ከፍ ካለ ቦታ ላይ እደሩ።

ሊማሊሞን ሲወርዱ ፍሬን ይሸታል

ታንከር ሙሉ ውኃ የጫነ መኪና በፍሬን ብቻ አይወርድም፤ በከባድ ማርሽ አውርዱት። ከሸተተ ቁሙና እስኪበርድ ጠብቁ፤ በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አታፍስሱበት፣ ይሰነጠቃል።