ቲኤልዲ ለጀመራችሁ፦ ክኒኑን ከኑሯችሁ ጋር ማስማማት

ሰሞኑን የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ ልጆች ክኒኑን እንዴት እንደሚወስዱ እየጠየቁኝ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ብዬ ጻፍኩት። የምኖረው ደሴ ነው። ቫይረሱ በደሜ አለ። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ከጀመሩት አንዷ ነኝ። ያኔ ጠዋትም ማታም ነበር የምንውጠው። ስታቩዲን የሚባለው ደግሞ ጉንጭን ያከሳ ስለነበር ሰው ገና ከሩቅ ያውቅብን ነበር። አሁን ለአብዛኛው አዋቂ የሚሰጠው በቀን አንድ ክኒን ነው። ቲኤልዲ ይሉታል፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ላይ ናቸው።

መጀመሪያ ሰዓት ያዙ። የስልክ ደወል ደህና ነው፤ ግን ባትሪ ያልቃል፣ ሰው ፊትም ይጮሃል። እኔ የማምነው በየቀኑ የማይቀር ነገር ላይ ማሰርን ነው። የኔ የጠዋት ቡና ነው። ጀበናው ሲንተከተክ ክኒኗን በውሃ ዋጥ አደርጋለሁ፤ አቦል ሲቀዳ ነገሩ አልቋል። የድሮው ኤፋቪሬንዝ ስለሚያዞርና ስለሚያቃዥ ስንተኛ ነበር የምንወስደው። ዶሉቴግራቪር ግን አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሳል፤ እንዲህ ከሆነባችሁ ወደ ጠዋት አዙሩት። መጀመሪያ ሰሞን ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል።

ክኒኑ ከምግብ ጋርም፣ በባዶ ሆድም ይወሰዳል። ስለዚህ ጾም ሰበብ አይሆንም። አንዲት እናት «ልጄ፣ ረመዳን ላይስ ምን ይዋጠኝ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ሱሁር ላይ ይውሰዱት፤ ወይም እንዳፈጠሩ» አልኳቸው። በቀን አንዴ ስለሆነ ያመቻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙም ማታ ብታደርጉት ይቀላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ወሎ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ በርበሬያችን ይሁን ቡናችን እንጃ። ያ ነጩ የጨጓራ ሽሮፕ፣ የሚታኘከውም ክኒን፣ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም አለበት። እነዚህ ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ክኒናችሁን በየቀኑ እየዋጣችሁ አብዛኛው ይባክናል ማለት ነው። ስለዚህ ቲኤልዲውን ከሽሮፑ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ውሰዱ፤ ሽሮፑን ቀድማችሁ ከጠጣችሁ ደግሞ 6 ሰዓት ጠብቁ። ኦሜፕራዞል የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት ግን ችግር የለበትም። ነፍሰ ጡሮች የሚሰጣቸው የብረት ክኒንና ካልሲየምም ያው ናቸው፤ ልዩነቱ፣ ከምግብ ጋር ከሆነ ከቲኤልዲው ጋር አብረው መዋጥ ይችላሉ። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ካለበት ደግሞ ሌላ ዶሉቴግራቪር በ12 ሰዓት ልዩነት ይጨመርላችኋል። የስኳር ሜትፎርሚን የምትወስዱም ተናገሩ፤ መጠኑ ይታያል። ፋርማሲ ስትገቡ ምን እንደምትወስዱ አትደብቁ።

ስለ መደበቅ ካነሳን አይቀር፣ የክኒኑን ዕቃ መንኳኳት ሁላችንም እናውቀዋለን። ቦርሳ ውስጥ ክሽክሽ ሲል ታክሲው ሙሉ የሚያየን ይመስለናል። ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ድምፁ ይቀንሳል። ስሙን የያዘውን ወረቀት ብትልጡም ልጡት። ግን ውስጡ ያለችውን ትንሽ እርጥበት መጣጭ ከረጢት እንዳትጥሏት፤ ክኒኖቹንም ወደ ላስቲክ አትገልብጧቸው። ባቲና ከሚሴ ያላችሁ ደግሞ ከሙቀት ጠብቁት፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይቀመጥም።

ከረሳችሁ፣ ባስታወሳችሁበት ሰዓት ውሰዱት። የሚቀጥለው ሊደርስ ከ4 ሰዓት በታች ከቀረው ግን እለፉት። ሁለት ደርቦ መዋጥ የለም። በየጊዜው ማቋረጥ ነው አደገኛው፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ግሸን ለመስከረም 21 ስትወጡም ሆነ ጸበል ስትገቡ መድኃኒታችሁ አብሯችሁ ይሂድ። ጸበልና ክኒን አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በ1999 ሁለቱን አብራችሁ ውሰዱ ብለዋል። «ጠበልተኛ መድኃኒት አይወስድም» የሚላችሁን አትስሙት።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጤና ተቋማት ተዘርፈው መድኃኒት ያቋረጠው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ የማልተወው ልማድ አለኝ፦ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ቀደም ብዬ ክሊኒክ እሄዳለሁ፤ የካርዴን ፎቶ ስልኬ ላይ አስቀምጣለሁ። አካባቢ ከለቀቃችሁ በአቅራቢያ ያለ የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) ክሊኒክ ገብታችሁ የምትወስዱትን ንገሯቸው። ደህና ከሆናችሁ ደግሞ የ6 ወር በአንዴ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ካልነገሯችሁ ጠይቁ።

መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚነግራችሁ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን ነው። በጀመራችሁ በ6ኛው ወር፣ ከዚያ በ12ኛው፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ይታያል። በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰና እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ይሄን ለትዳር ጓደኛ መንገር ቀላል ባይሆንም ትልቅ ዜና ነው። የቫይራል ሎዱ ቁጥር ከ1000 በላይ ከመጣ አትደንግጡ፤ ምክር ይሰጣችሁና ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። መጥፋት ግን አያዋጣም።

ልጅ የምትወልዱ፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጡ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ አጥቡ። ሕፃኑ ቫይረሱን የሚከላከል ሽሮፕ ይሰጠዋል፤ በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይመረመራል።

ቫይረሱ የሌለባችሁ የትዳር አጋሮች ደግሞ፣ የጓደኛችሁ ቫይራል ሎድ እስኪወርድ በየቀኑ የሚዋጥ መከላከያ አለ፤ ፕሬፕ ይባላል። ኮንዶም ቢቀደድ ወይም አስገድዶ መድፈር ቢደርስ ሌላ አለ፣ ፔፕ ይባላል፦ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን የሚወሰድ። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። ቅዳሜ ማታ ከሆነ ሰኞ ክሊኒኩ እስኪከፈት አትጠብቁ፤ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዳችሁ «ፔፕ» በሉ።