ድራይቨሩን ለዘጋ አምራች እንዴት እንጻፍ

እኔ ላፕቶፕ ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ፒያሳ ነበረች፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም ሲፈርስ ዕቃዬን ጠቅልዬ አራት ኪሎ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ተዳበልኩ። ሊኑክስ የሚባለውን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን የኮምፒውተር ሥርዓት የምጭነው ዊንዶውስ ላይ የሚያቃስተውን ያገለገለ ላፕቶፕ ስለሚታደግልኝ ነው። ዋይፋዩ ግን ደጋግሞ አዋርዶኛል።

አንድ ቀን አንዲት የስድስት ኪሎ ተማሪ «ጋሼ፣ ትናንት ይሠራ ነበር እኮ» ብላ መጣች። ሌሊቱን ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክሱ እምብርት፣ ታድሶ ዋይፋዩ ጠፍቷል፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስገባ ሁለት ቀን ቀርቷታል። የዋይፋይ ቺፑ ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን ከከርነሉ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ዝግ ነው፤ ኮዱ ያለው አምራቹ እጅ ብቻ ነው። ከከርነሉ ውጭ ስለሚኖር፣ ከርነሉ ተለውጦ እሱ አብሮ ካልተስተካከለ ይሰናከላል። ያን ማታ ለአምራቹ ሁለት ገጽ ስድብ ጻፍኩ። መልስ የለም። ኋላ ሳነበው እኔም ብሆን አልመልስም ነበር፤ በሁለት ገጽ ውስጥ አንድም የጠየቅሁት ነገር የለም።

አሁን መጀመሪያ ባለጉዳዩን እለያለሁ። ላፕቶፑ ክዳን ላይ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ የቺፑ ሠሪ አይደለም። ተርሚናል ላይ ኤልኤስፒሲአይ የሚባለውን ትእዛዝ ቁጥር እንዲያሳይ አድርጋችሁ ስታስኬዱ፣ በሁለት ነጥብ የተለዩ ሁለት ቁጥሮች ታያላችሁ። የፊተኛው የአምራቹ መታወቂያ ነው። 8086 ካለ ኢንቴል ነው (እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን ፕሮሰሰር ስም መታወቂያው ማድረጉ ሁሌ ያስቀኛል)።

ቀጥሎ ጥያቄያችሁን አጥብቡ። «ኮዳችሁን ክፈቱ» የሚል ደብዳቤ ሕግ ክፍል ገብቶ ይቀራል። ፈርምዌሩን፣ ማለትም ቺፑ ላይ ራሱ የሚሮጠውን ፕሮግራም፣ እነ ዴቢያን (ሊኑክስን አሰናድተው የሚያድሉ ቡድኖች) አብረው እንዲያድሉት ፈቃድ መጠየቅ ግን አንድ መስመር ኮድ አያስከፍትም። ዴቢያን እንኳ በክፍት ኮድ ላይ ያ ሁሉ ጥብቅነቱ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥቶ ከ2023ቱ 12ኛ እትሙ ጀምሮ ዝግ ፈርምዌር መጫኛው ውስጥ አስገብቷል። ሰነድ መጠየቅም ይቻላል። የከርነሉ ሰው ግሬግ ክሮሃርትማን እ.ኤ.አ. በ2007 ለአምራቾች ያቀረበው ይህንኑ ነበር፦ ሰነዱ ይሰጠን፣ ድራይቨሩን በነጻ እንጽፋለን።

ጥቅማቸውንም ንገሯቸው፤ ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህን ነው። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ከገባ፣ የከርነሉን አሠራር የሚለውጠው ሰው ድራይቨሩንም አብሮ ያስተካክለዋል። ውጭ ከቀረ ግን አምራቹ ደመወዝ እየከፈለ ዕድሜ ልኩን ከኋላ ይሯሯጣል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የቺፑ ቁጥር፣ የከርነሉ ቁጥር፣ ሎጉ (ኮምፒውተሩ የስህተቱን ነገር የመዘገበበት)፣ አንድ ጥያቄ።

የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ለግራፊክስ ቺፕ ሠሪው ኤንቪዲያ የመሃል ጣቱን የቀሰረበትን ቪዲዮ የእኛም ልጆች ይወዱታል። እኔም ስቄበታለሁ። ኤንቪዲያ የከርነል ሞጁሎቹን (ከርነሉ ውስጥ የሚገባውን የድራይቨሩን ክፍል) የከፈተው በ2022 ነው፤ ከጣቱ 10 ዓመት በኋላ። ያኔም ከከርነሉ ውጭ ያለውን የግራፊክስ ክፍል ዝግ አድርጎ አስቀርቷል። እንዲህ ሲሆን ለተከፈተው አመስግኑ፣ የቀረውን በስሙ ጥሩ።

ተጠቃሚውን አትቅጡት። ለልጅቷ ዝጉን ድራይቨር መልሼ ጫንኩላት፤ ደረሰኟ ጀርባ ላይ «ከርነል ሲታደስ ሊጠፋ ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። (ዝግ ሞጁል የገባበት ከርነል ራሱን እንደተበከለ ይመዘግባል፤ ብልሽት ለከርነል ሠሪዎች ከማመልከታችሁ በፊት ያለ እሱ ሞክሩት።)

የምንገዛበትም መንገድ ይናገራል። ያገለገለ ዕቃ ላይ ድምፃችን አምራቹ ጋ አይደርስ ይሆናል፤ ነጋዴው ጋ ግን ይደርሳል። ላፕቶፕ ልገዛ ስሄድ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነው። እዚያው ቆሜ አስነስቼ ዋይፋዩን አያለሁ፣ ካልሠራ አልገዛም። ስታዲየም አካባቢ ያለው ደንበኛዬ መጀመሪያ ይናደድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወለና «20 ላፕቶፕ ገብቶልኛል፤ ስድስቱ ያ የምትጠላው ዋይፋይ ያለባቸው ናቸው፣ ለይቼልሃለሁ» አለኝ።