ሃርድቴል ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ሃርድቴል ከፊት ፎርኩ (የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ) በስተቀር የሚሰምጥ ነገር የሌለው ማውንቴን ብስክሌት ነው፤ የኋላው ጎማ በቀጥታ ከፍሬሙ ጋር ተያይዟል። አግረሲቭ የሚባለው ዓይነት ለገደላማና ለድንጋያማ ቁልቁለት ስለሚሠራ ፎርኩ ብዙ ጊዜ ከ130 እስከ 150 ሚ.ሜ. ይሰምጣል፣ የመሪው ቱቦ ከመሬት ሲለካ ከ63 እስከ 66 ዲግሪ ይጋደማል (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይበልጥ ተጋድሟል)፣ ጎማው ሰፊ፣ መሪውን ከፎርኩ ጋር የሚያያይዘው ስቴም አጭር ነው። ይህን ብስክሌት ክፍል በክፍል እየመረጠ የሚገጣጥም ሰው፣ ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ የማይመቸው ነገር ሲያገኝ ወዲያው ሌላ ዕቃ መግዛት ያምረዋል። እኔ ግን ከመግዛት በፊት መለካት ይቅደም እላለሁ። ሃርድቴል ላይ ችግሩ የሚታይበትና የሚነሳበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ሰው ሲወጣበት ፊቱ ብቻ ሰምጦ ኋላው ባለበት ስለሚቀር የመላ ብስክሌቱ አቋም ይቀየራል። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ያንኑ መንገድ ደግማችሁ ንዱ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ይደፋል፣ መሪው ይቅበዘበዛል

በጣም የተለመደው ቅሬታ ይህ ነው፤ በጣም በተሳሳተ መንገድ የሚታከመውም ይኸው ነው። ሰው የመሪው ማዕዘን በቂ አልተጋደመም ብሎ ይደመድምና ረዘም ያለ ፎርክ ይገዛል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። 140 ሚ.ሜ. የሚሰምጥ ፎርክ በነጂው ክብደት 20 በመቶ ቢወርድ 28 ሚ.ሜ. ወረደ ማለት ነው። በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያለው ርቀት 1220 ሚ.ሜ. ገደማ ከሆነ ማዕዘኑ በ1.2 ዲግሪ ያህል ይቆማል። ኋላውም የሚሰምጥ ብስክሌት ሁለቱም ጫፍ አብሮ ስለሚወርድ ይህን ያህል አይቀየርም። የእናንተ 64 ዲግሪ ግን ገና ስትቆሙበት 65 አልፏል፤ ፎርኩ እስከ መጨረሻው ሲሰምጥ ደግሞ 70 ይደርሳል። ስለዚህ ፎርኩ የላላ ከሆነ፣ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል የተጋደመ ፍሬም ቢኖራችሁ ገደሉ ላይ የምትነዱት ሌላ ብስክሌት ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። የምትለብሱትን ሁሉ ልበሱ፣ ውሃችሁን ያዙ፣ በፎርኩ ቱቦ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ወደ ታች እስከ ማሸጊያው ግፏት፣ ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ ለመንዳት በምትዘጋጁበት አቋም ክብደታችሁን አሳርፉ። ሳታወዛውዙት ቀስ ብላችሁ ውረዱና ቀለበቷ ከማሸጊያው ምን ያህል እንደራቀች ለኩ። ለሃርድቴል ከ15 እስከ 20 በመቶ ጥሩ ነው፤ በ140 ሚ.ሜ. ፎርክ ከ21 እስከ 28 ሚ.ሜ. ማለት ነው። ከዚያ ከበለጠ አየር ጨምሩ። አየር ስትጨምሩ ፎርኩን ጥቂት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ጫን ልቀቅ አድርጉት፤ በላይኛውና በታችኛው የአየር ክፍል መካከል ያለው ግፊት ካልተስተካከለ ልኬቱ ያታልላል።

ሳጉ (አሁን የለካችሁት፣ በክብደታችሁ የሚወርደው መጠን) ትክክል ሆኖ ፎርኩ ትልልቅ ድንጋይ ላይ እስከ ጥግ ከሰመጠ አየር አትጨምሩበት። አየር ክፍሉን የምታጠበውን ፕላስቲክ ቶከን አንዷን አስገቡ፤ መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ሆኖ መጨረሻው ላይ ይጠነክራል። በተቃራኒው ከብርቱ ቁልቁለት በኋላም ቀለበቷ ሁልጊዜ ከጫፉ 30 ሚ.ሜ. ቀርቷት የምትገኝ ከሆነ ቶከን አውጡ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ወደ ፊት የሚደፋችሁ ከሆነ ከስቴሙ በታች 10 ሚ.ሜ. ማስረዘሚያ ቀለበት ጨምሩ ወይም ቀና ያለ መሪ ግጠሙ።

ረዥም ፎርክ መግጠምስ? 20 ሚ.ሜ. ሲጨመር ማዕዘኑ በ1 ዲግሪ ገደማ ይጋደማል፤ ነገር ግን ክራንኩ (ፔዳሎቹን የሚይዘው ክንድ) 6 ወይም 7 ሚ.ሜ. ከፍ ይላል፣ ኮርቻው ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ፊት ለፊት ያላችሁ ቦታ በ10 ሚ.ሜ. ገደማ ያጥራል። ዳገት ላይ የፊት ጎማው መነሳት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት። ፍሬሙን የሠራው ድርጅት ከፈቀደው ርዝመት ማለፍ ደግሞ የመሪው ቱቦ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ይጨምራል፤ እኔ አልመክርም። ማዕዘኑን ብቻ መቀየር የፈለገ ሰው ለዚሁ የተሠራ ዘንበል ያለ የመሪ ኩሽኔታ አለለት፤ ፍሬሙ ከፈቀደ 1 ወይም 2 ዲግሪ ያጋድማል።

መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማው ይንሸራተታል

ጎማው አርጅቶ ካልሆነ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው የነፋሱ ብዛት ነው። ሁለተኛው የአቋማችሁ ጉዳይ ነው፦ ኋላው ሲነርት እግር ይፈራና ሰውነት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የፊት ጎማውም ክብደት አጥቶ ይንሳፈፋል። እዚህ ላይ መድኃኒቱ የኋላ ጎማ ውስጥ ነው፤ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ኋላው ይነርታል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ቸርኬ ይጣመማል

ከኋላ አሞርዛተር ስለሌለ ሥራው ሁሉ የጎማው፣ የቸርኬውና የጉልበታችሁ ነው። ክብደቱ 75 ኪሎ የሆነ ሰው 29 በ2.4 ኢንች የሆነ ቱብለስ (የውስጥ ጎማ የሌለው) ጎማ ቢነዳ ከፊት ከ20 እስከ 23፣ ከኋላ ከ24 እስከ 27 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ኋላው እንደ ኳስ የሚነጥር ከሆነ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. እየቀነሳችሁ ሞክሩ፤ ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ የብረት ድምፅ መሰማት ሲጀምር ወሰኑን አልፋችኋልና ሁለት መልሱ። መለኪያው አንድና የራሳችሁ ይሁን፤ የተለያዩ ፓምፖች ቁጥር አይገናኝም።

የፈነዳውን ጎማ ሳታዩ አትለጥፉ። የውስጥ ጎማው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ ጎማው ድንጋይና ቸርኬ መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ እሾህ ወይም ስለት ነው። ቱብለስ ከሆነና ቁርጡ ከቸርኬው ከንፈር አጠገብ ከሆነ አሁንም መቆንጠጥ ነው። ነፋስ መጨመር የተቆነጠጠውን ያድናል፤ ኋላውን ግን መልሶ ያናርተዋል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ከኋላ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ጎማ ነው። ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ ይሰማል፣ ግን ነፋሱን ዝቅ አድርጋችሁ እንድትነዱ ያስችላል። ካልበቃ ጎማው ውስጥ የሚገባ የስፖንጅ ቀለበት አለ።

ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ካለ የኋላው እግር (ጎማው የሚለብስበት ሙሉ ክብ) ነው፦ የውስጥ ስፋቱ 30 ሚ.ሜ. የሆነ የአልሙኒየም ቸርኬ፣ 32 ራጂ (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዝ ሽቦ)፣ ጠንካራ ሞዞ (የእግሩ መሃል)። ካርቦን ቸርኬ ያምራል፤ ሆኖም ኃይለኛ ምት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። አልሙኒየም ይጎብጣል፤ ትንሽ ጉብጠት በጥንቃቄ ተቃንቶ ወደ ቤት ያደርሳል።

ቱብለሱ ነፋስ ቀስ እያለ የሚያጎድል ከሆነ ፈሳሹን ተመልከቱ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል። ለዚህ ስፋት ጎማ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ፈሳሹ ትኩስ ሆኖ ነፋሱ በራጂ ቀዳዳዎች በኩል ከወጣ የቸርኬው ቴፕ ተነስቷል፤ ቸርኬውን በአልኮል አጽድታችሁ ከውስጥ ስፋቱ ጥቂት ሚ.ሜ. የሚሰፋ ቴፕ እየወጠራችሁ ጠቅልሉ።

አዲስ የተሠራ እግር ራጂው ቶሎ ቶሎ የሚላላ ከሆነ ሲሠራ ውጥረቱ እኩል አልሆነም፣ ወይም ራጂዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ጥንድ ጥንድ እየተያዙ አልተጨመቁም። በጣታችሁ እየነካካችሁ ድምፃቸውን አዳምጡ፤ በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል። በግራና በቀኝ ግን ልዩነት መኖሩ ጤነኛ ነው።

የሚንቋቋ ድምፅ

ድምፅ በፍሬሙ ቱቦ ውስጥ ስለሚጓዝ ጆሮ ይሳሳታል። ከክራንክ የመጣ የሚመስለው ከኋላው አክስል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ከመፍታት በፊት እየነዱ መለየት ነው።

ከኮርቻው ተነስታችሁ ቆማችሁ ፔዳል ምቱ። ድምፁ ከጠፋ ኮርቻው፣ ማሰሪያው ወይም የኮርቻው ዘንግ ነው። ካልጠፋ ድምፁ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመላለስ ቁጠሩ። ክራንኩ አንዴ ሲዞር አንዴ የሚሰማ ከሆነ ፔዳሉን፣ ክራንኩን፣ የፊት ጥርሱን ብሎኖችና የክራንኩን ኩሽኔታ ፈትሹ። ክራንኩ ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ሲዞር አንዴ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ከሰንሰለቱ አንዷ ማያያዣ ደርቃለች፤ ባለ 32 ጥርስ ላይ ሰንሰለቱ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው በዚያ ልክ ነው። ፔዳል ሳትመቱ ጉብታ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ መሪው አካባቢ፣ የኋላ አክስሉ ወይም በፍሬሙ ውስጥ የሚያልፍ ኬብል ነው።

ብዙ ሰው የሚዘላት አንዲት ቦታ የካምቢዮው ማንጠልጠያ ናት። ከፍሬሙ ጋር የምትገናኝበት ፊት ላይ ደቃቅ አሸዋ ይገባና ፔዳል በተመታ ቁጥር ልክ የክራንክ ኩሽኔታ የተበላ ያህል ትጮኻለች። የኋላውን እግር አውጡ፣ ማንጠልጠያዋን ፍቱ፣ ሁለቱንም ፊት በጨርቅ ጥረጉ፣ ስስ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱ። አክስሉንም እንዲሁ አድርጉትና በላዩ በተጻፈው ልክ አጥብቁ። አዲስ ኩሽኔታ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ሥራ ሥሩ።

ኩሽኔታው ራሱ ከሆነና በጥርስ የሚገባው ዓይነት ከሆነ፣ በቀኝ በኩል ያለው በተቃራኒ እንደሚፈታ አትርሱ። ጥርሱን አጽዱ፣ ግራሶ ቀቡ፣ ብዙዎቹ ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። የግራ ፔዳልም እንዲሁ በተቃራኒ ነው።

ፍሬን ሲያዝ ከፊት የሚያንኳኳ

የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙ፤ በሌላው እጃችሁ ጣት የመሪ ኩሽኔታውና የፍሬሙ መገጣጠሚያ ላይ ዳስሱ። እዚያ ላይ መንቀሳቀስ ከተሰማችሁ ኩሽኔታው ላልቷል። የስቴሙን የጎን ብሎኖች መጀመሪያ ፍቱ፣ ከዚያ የላይኛውን ብሎን ጨዋታው እስኪጠፋ ብቻ አጥብቁ፣ መጨረሻ ላይ የጎኖቹን። የጎኖቹን ሳይፈቱ ላይኛውን ማጥበቅ ምንም አይሠራም። መገጣጠሚያው ላይ ምንም ካልተሰማ የፎርኩን ቡሽንግ (ቱቦዎቹ የሚንሸራተቱበትን ውስጠኛ ቀለበት) እና የፍሬን ሸራውን ተመልከቱ፤ ሸራ በመያዣው ውስጥ ጥቂት መጫወቱ የተለመደ ነው።

ሰንሰለት መውለቅ

ኋላው ስለሚነርት ሰንሰለቱ ከሌሎች ብስክሌቶች ይልቅ ይደባደባል። የፊት ጥርሱ ቀጭንና ወፍራም እየተፈራረቀ የተሠራ መሆኑን፣ ካምቢዮው ፍሪሲዮን ያለው መሆኑንና የፍሪሲዮኑ ማብሪያ መብራቱን አረጋግጡ። የካምቢዮውን ክንድ ወደ ፊት በእጅ ስትስቡት ካልከበደ ፍሪሲዮኑ ደክሟል። ከዚያ የሰንሰለቱን መስመር እዩ፤ 148 ሚ.ሜ. የኋላ ሞዞ ላይ 52 እና 55 ሚ.ሜ. መስመር ያላቸው ክራንኮች ይገጠማሉ፣ ፍሬሙ የሚፈልገው ግን አንዱን ነው። ፍሬሙ ማሰሪያ ካለው ከላይ ሰንሰለቱን የሚይዝ ትንሽ መከላከያ ግጠሙ፤ ቀላል ነው፣ ጣጣም የለውም።

ፍሬን

የሚጮኽና የማይዝ ከሆነ ሸራው ዘይት ነክቶታል፤ ዲስኩን በአልኮል ጥረጉ፣ ሸራውን ለውጡ፣ ከመጠነኛ ፍጥነት ሃያ ጊዜ ያህል ሳትቆሙ እየቀነሳችሁ አለማምዱት። ማንሻው እንደ ስፖንጅ ከሆነ ውስጡ አየር ገብቷል፣ ይውጣ። በማዕድን ዘይት የሚሠራ ፍሬን ውስጥ የዶት ፈሳሽ (ሌላ ዓይነት የፍሬን ፈሳሽ) በፍጹም አታስገቡ፤ ማሸጊያ ጎማዎቹን ያበላሻል።

ፍሬሙ ላይ የታየች ቀጭን መስመር

የመሪው ቱቦና የታችኛው ቱቦ በተበየዱበት፣ እንዲሁም በኮርቻው ቱቦ አንገት ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ካያችሁ ቀለም ነው ብላችሁ አትለፏት። አጽዱ፣ በባትሪ ብርሃን እዩ፣ በጥፍር ዳስሱ፤ ሁለቱን ጫፎች በስለታም እርሳስ ምልክት አድርጉ። ጥርጣሬ ካለ መንዳት ይቁም፤ ብስክሌቱን ለመፈተን ተብሎ እንኳ ቁልቁለት አይወረድበትም። የክሮሞሊ ብረት በሙያተኛ ሊበየድ ይችላል። አልሙኒየም ግን ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ስለሆነ ብየዳው አካባቢውን ያለሰልሰዋል፤ እንደገና በሙቀት ካልታከመ ፍሬሙን መተካት ነው። ከመተካታችሁ በፊት የኋላ ሞዞውን ስፋት፣ የመሪ ኩሽኔታውን መጠንና የኮርቻ ዘንጉን ውፍረት ጻፉ፤ 30.9 እና 31.6 ሚ.ሜ. በዓይን አይለዩም።