ቁጢጥ ስል ተረከዜ የሚነሳብኝን እንዴት እንዳስተካከልኩት

ለብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ ማለት አልችልም ነበር፣ ወረድ ስል ወይ ተረከዜ ይነሳል ወይ ወደኋላ እወድቃለሁ። ዳሌዬ ነው የደረቀው ብዬ 2 ወር ሙሉ ዳሌዬን ስትሬች ሳደርግ ከረምኩ፣ ምንም ለውጥ የለም።

በኋላ ግድግዳ ጋ ቆሜ ቴስት አደረግኩ፣ የእግር አውራ ጣታችሁን ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ ተረከዛችሁ ሳይነሳ በጉልበታችሁ ግድግዳውን መንካት ነው። በጣታችሁና በግድግዳው መሀል ያለው ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ጥሩ ነው፣ የኔ ግራ እግር ግን 5 ላይ ተረከዜ ብድግ! ለካ ችግሩ ቁርጭምጭሚቴ ነው።

ባቴንም ስስብ የኖርኩት ጉልበቴን ቀጥ አድርጌ ብቻ ነበር፣ እሱ ከላይ ያለውን ጡንቻ ነው በደንብ የሚስበው፣ ከስሩ ያለው ግን ከጉልበት በታች ስለሚጀምር ጉልበት ታጥፎ መሰራት አለበት። ስለዚህ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ 30 ሰከንድ፣ መሀል ላይ ለ5 ሰከንድ የእግሬን ፊት መሬቱ ላይ ጫን አድርጌ ልቅቅ፣ በየእግሩ 3 ጊዜ፣ በየቀኑ። ቁርጭምጭሚታችሁ ፊት ለፊት የመቆንጠጥ ስሜት ከተሰማችሁ ግን አትግፉት።

ከሁሉም በላይ የረዳኝ ጨዋታው ነው፣ መጀመሪያ ተረከዜ ስር መጽሐፍ አድርጌ ከልጄ ጋር ቁጢጥ ብለን ኳስ እያንከባለልን፣ እሷ ሆን ብላ ወደ ጎን ስትልከው እኔ ሳልነሳ እየተንፏቀቅኩ ስይዝ መወጠሩንም እረሳዋለሁ። መጽሐፉን ቀስ በቀስ በቀጭን ቀየርኩ፣ በ7ኛው ሳምንት አወጣሁት። ግራ እግሬ አሁን 9 ደርሷል፣ ትናንት ምንም ሳልደገፍ ቁጢጥ ብዬ የልጄን ጫማ አሰርኩላት።